ብርድ አለ፤ ያማልም

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ሻይ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ይህቺን ይመልከቱልኝ» ብሎ ታግ አደረገኝ። ከፈትኩት። ያው የምታውቁት ታሪክ ነው፤ በየዓመቱ አንድ ሁለቴ እየተመለሰ ይመጣል። አንድ ፕሮፌሰር ተማሪዎቹን ያፋጥጣል፤ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ ብርድ አለ ወይ ይለዋል፤ ፕሮፌሰሩም አለ ይላል፤ ልጁ ደግሞ የለም፣ ብርድ ማለት የሙቀት አለመኖር ነው እንጂ ራሱን የቻለ ነገር አይደለም ብሎ ያሳፍረዋል። መጨረሻ ላይ ልጁ አልበርት አንስታይን እንደነበረ ይነገረናል። ሥሩ ላይ ሺህ ላይክ፣ ሺህ «ዋው»።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ታሪኩ የተጻፈበት ዋና ጉዳይ የእምነት ጉዳይ ነው፤ እዚያ ውስጥ አልገባም፤ እምነት ያለው ሰው እንዲህ ያለ ድጋፍ አያስፈልገውም። አንስታይን ይህን ስለመናገሩም ምንም ማስረጃ የለም። እኔን ያስቆጣኝ «ብርድ የሚባል ነገር የለም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ለምን አትሉም? ምክንያቱም ይህቺን ዓረፍተ ነገር እኔ ራሴ ለዓመታት ክፍል ውስጥ ደስ እያለኝ ተናግሬአታለሁ። በእሷም ሰው በድያለሁ።

1995 ዓ.ም. ነው፤ ኅዳር ወር። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ ከተማ 11ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ያንን አገር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ የሚያድርበት፣ መስኮቱ መስታወት የሌለው ክፍል። ጠዋት 2 ሰዓት ፈተና ሰጠሁ። አንዲት ልጅ፣ ከሩቅ በእግሯ የምትመጣ፣ ጥቂት ከጻፈች በኋላ እስክሪብቶውን አስቀመጠችና እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «ቲቸር፣ ቆፈነኝ። እጄ ደንዝዟል፤ በጣም ያመኛል፤ ትንሽ ላሙቀው» አለች።

እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ወጣት ነኝ፤ ብልጥ ነኝ፤ ሁሉን አውቃለሁ። «ከደነዘዘ እንዴት ያምሻል? ካመመሽ ደግሞ እንዴት ደነዘዘ? አንዱን ምረጪ» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አቀርቅራ «ቲቸር፣ ሁለቱም ነው» አለች። እኔም ለክፍሉ ጠቅላላ ዕውቀት ላክልበት ብዬ «ለመሆኑ ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ የሙቀት አለመኖር ነው፤ የሌለ ነገር ደግሞ አያምም!» አልኩ። ዳግመኛ ሳቁ። ወረቀቷን ግማሹን ባዶ አድርጋ መለሰች። ከ20 9 አገኘች፤ 9 የሰጠኋት እኔ ነኝ።

አሁን ቁጭ ብዬ ያቺ ልጅ ትክክል፣ እኔ ስህተት የነበርኩበትን ምክንያት አንድ በአንድ ልዘርዝር።

አንደኛ፦ ፊዚክሱ እውነት ነው፤ አልክድም። ሙቀት ከሞቀው ወደቀዘቀዘው ይሄዳል፤ «የቅዝቃዜ ኃይል» የሚባል ከበረዶ ወጥቶ እጃችን ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። ግን ጥያቄው ስለ በረዶው አይደለም፤ ስለ ልጅቷ እጅ ነው። ሰውነታችን ቴርሞሜትር አይደለም። ቆዳችን ሥር ቅዝቃዜ ሲመጣ *ሥራ የሚጀምሩ* የነርቭ ጫፎች አሉ። ሙቀት ሲጠፋ ዝም የሚሉ ሳይሆን፣ ቅዝቃዜ ሲመጣ የሚጮሁ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ይህ አዲስ ወሬም አይደለም። ስዊድናዊው ማግነስ ብሊክስ በ1880ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ቆዳን በነጥብ በነጥብ ሲመረምር ቅዝቃዜ የሚሰማባቸውና ሙቀት የሚሰማባቸው ነጥቦች የተለያዩ መሆናቸውን አሳየ። አሁኑኑ ሞክሩት። የቀዘቀዘ የብረት ጫፍ፣ ለምሳሌ የእስክሪብቶ ጫፍ፣ በእጃችሁ ጀርባ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አስኪዱት። አብዛኛው ቦታ ላይ መነካቱ ብቻ ይታወቃችኋል፤ ድንገት አንድ ነጥብ ላይ «ቅዝዝ» ይላል። ያቺ ነጥብ የብርድ ናት።

ሁለተኛ፦ ሜንታ ከረሜላ። እስቲ አንዷን አፋችሁ ውስጥ አድርጉና አየር ሳቡ። ቀዘቀዘ አይደል? አፋችሁ ውስጥ ግን ሙቀቱ ያው ነው፤ ከረሜላዋ ምንም በረዶ የላትም። ብርድ የሙቀት አለመኖር *ብቻ* ከሆነ፣ ሙቀቱ ሳይጎድል ብርዱ ከየት መጣ? ሄንሰልና ዞተርማን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1951 ሜንቶል ራሱን የብርድ ነርቭ እንደሚቀሰቅስ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ሁለት ቡድኖች፣ በሳን ፍራንሲስኮ የዴቪድ ጁሊየስ፣ በሳን ዲዬጎ የአርደም ፓታፑቲያን፣ የተቀሰቀሰውን ፕሮቲን ራሱን አገኙት። ስሙ ትሪፕ-ኤም-8 ይባላል። በነርቭ ጫፍ ሽፋን ላይ የተተከለ ትንሽ በር ነው፤ ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ ይከፈታል፤ ሜንቶል ሲነካውም ይከፈታል። በሩ ሲከፈት በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ይገባሉ፤ ነርቩ «ብርድ!» ብሎ ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል ይልካል። ሚጥሚጣ የሚያቃጥለንም በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ የጁሊየስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኘው የሙቀት በር በበርበሬው ቅመም ይከፈታል። ሁለቱ ሰዎች በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

አያችሁ? እኔ ደጋ ላይ ቆሜ «የለም» እያልኩ የምስቅበት ነገር፣ በዚያው ዓመት አካባቢ ባለቤት የተገኘለት፣ ስም የወጣለት ነገር ነበር።

እንዲያውም ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሥራ፣ ትሪፕ-ኤም-8 የሌላቸው አይጦች ለስለስ ያለ *ሙቀትን* ለይተው ማወቅ እንዳቃታቸው አሳዩ። የሰከኑት የብርድ ነርቮች በሰላሙ ጊዜም ቀስ እያሉ ምልክት ይልካሉ፤ ቆዳ ሲሞቅ ዝም ይላሉ፤ አንጎል ለብ ያለ ሙቀትን የሚያውቀው ከዚያ ዝምታም ጭምር ነው። ስለዚህ በነርቭ ቋንቋ፣ በከፊልም ቢሆን፣ ሙቀት ነው «የብርድ አለመኖር» የሆነው! ይህንን ለዚያ ፕሮፌሰር የሚነግርልኝ ባገኝ።

ሦስተኛ፣ ዋናው፦ *የሚያም* ብርድ። ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ እና እጅን በረዶ ውሃ ውስጥ መክተት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ደስ ሊል ይችላል፤ ሁለተኛው ያንገበግባል። በአብዛኛው ሰው ላይ የቆዳ ሙቀት ወደ 15 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በታች ሲወርድ ስሜቱ ወደ ሕመም ይለወጣል። ይህ የመጀመሪያው ስሜት ስለበረታ ብቻ የሚመጣ ነው ወይስ የራሱ ነርቭና የራሱ በር አለው?

መልሱ የመጣው ከአይጦች ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሦስት ቡድኖች ትሪፕ-ኤም-8 የሌላቸውን አይጦች አጠኑ። አይጦቹ ለብ ያለውን ወለል ከቀዝቃዛው መለየት አቃታቸው። በጣም የቀዘቀዘ ወለል ላይ ሲቆሙ ግን አሁንም ይሸሻሉ። በሩ ተነቅሎ ሕመሙ አልጠፋም ማለት ነው። ሌላ በር አለ።

ያ ሌላ በር ማን እንደሆነ ብዙ ተጨቃጨቁበት። እ.ኤ.አ. በ2003 ትሪፕ-ኤ-1 ነው ተባለ፤ በዓመቱ ሌሎች ይህ የሰናፍጭ በር እንጂ የብርድ አይደለም አሉ፤ በ2006 ሁለት ቡድኖች ይህንኑ በር ከአይጥ ነቅለው አንዱ ብርድ ስሜቱ ቀነሰ፣ ሌላው አልተነካም አለ። «ሳይንቲስቶች ራሳቸው አያውቁም» ለምትሉኝ፣ እንዲህ በአደባባይ ተካክዶ፣ እንደገና ሞክሮ፣ እንደገና ማጥራት ነው ማወቅ ማለት። አንስታይን ብሏል ብሎ ሼር ማድረግ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ፍንጩ ካልታሰበበት ቦታ መጣ፤ ከአፈር ትል። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያለው የሾን ሹ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 በጣም ትንሽ በሆነች ትል ላይ ብርድን የሚያውቅ ፕሮቲን አገኘ። የእሱ ዘመድ በእኛም በአይጥም አለ፤ ግሉ-ኬ-2 ይባላል። እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው አንጎል ውስጥ የነርቭ መልእክት ተቀባይ ሆኖ ነበር፤ ቆዳ ድረስ በሚደርሱ ነርቮች ላይ ምን እንደሚሠራ ግን ግልጽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሹና ባልደረባው ቦ ዱዋን ግሉ-ኬ-2 የሌላቸው አይጦች ሙቀትንም፣ ንክኪንም፣ ለስላሳ ቅዝቃዜንም እንደማንኛውም አይጥ እያወቁ፣ የሚያመውን ብርድ ብቻ እንደማይሰማቸው አሳዩ። ለዘብተኛው ብርድ አንድ ጠባቂ፣ ለአደገኛው ብርድ ሌላ ጠባቂ። አንዱ ሌላውን አይተካም። ጠባቂዎቹ ግሉ-ኬ-2 ብቻ ናቸው ማለቴም አይደለም፤ የጥርሳችንን የብርድ ሕመም እንኳ ሌላ በር እንደሚጠብቀው በ2021 ታይቷል፤ ያንን በር የሚዘጋው ደግሞ የቅርንፉድ ዘይት ነው። እናቶቻችን ጥርስ ላይ ቅርንፉድ ሲይዙ የሚያውቁት ነገር ነበራቸው።

አራተኛ፦ አሁን ወደ ልጅቷ እንመለስ። «ከደነዘዘ እንዴት ያማል?»

የነርቭ መልእክት በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፤ እንዲሄድ የሶዲየም በሮች በየቦታው መከፈት አለባቸው። ቅዝቃዜ አብዛኞቹን የሶዲየም በሮች ያንቀራፍፋል። የመንካት ስሜት የሚያመጡት ወፋፍራምና ፈጣን ነርቮች ቀድመው ዝም ይላሉ፤ ለዚህ ነው እስክሪብቶው በጣታችን መሃል መኖሩ የማይታወቀን። የሕመም ነርቮች ግን ናቭ 1.8 የሚባል ልዩ የሶዲየም በር አላቸው፤ እሱ በብርድ አይተኛም። በጀርመን ኤርላንገን የካታሪና ሲመርማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ይህንን አሳየ፤ ናቭ 1.8 የሌላቸው አይጦች 0 ዲግሪ ወለል ላይ ቆመው ግድ አልሰጣቸውም። ቤቱ ሁሉ መብራት ጠፍቶበት የማስጠንቀቂያው ደወል ብቻ በራሱ ባትሪ እንደሚጮህ አስቡት። እጅ ይደነዝዛል፤ *ደግሞም* ያማል። በአንድ ጊዜ።

«ቲቸር፣ ሁለቱም ነው።»

ልጅቷ በሦስት ቃላት ያለችውን ሳይንስ ያረጋገጠው ከዓመታት በኋላ ነው። እኔ ግን መልሱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልገኝም ነበር፤ ማመን ብቻ በቂ ነበር። አማርኛችን እንኳ ያውቀዋል፦ «ብርዱ ያቃጥላል» እንላለን፤ «አጥንት ሰርስሮ ይገባል» እንላለን፤ ለዚያ ድንዛዜና ሕመም ለተቀላቀለበት ነገር «ቆፈን» የሚል የራሱ ቃል አለን። የሌለ ነገር ስም አይወጣለትም።

እሺ፣ የ1995ቱን ነገር ዛሬ ምን አስነሳው ትሉኛላችሁ። እህቴ።

ከሁለት ዓመት በፊት ታናሽ እህቴ የአንጀት ካንሰር ተገኘባት። ከሚሰጧት መድኃኒቶች አንዱ ኦክሳሊፕላቲን ነበር። ከመጀመሪያው ዙር ማግስት ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ቧንቧ ከፈተች፤ ጮኸች። ሮጬ ስደርስ እጇን በፎጣ ጠቅልላ ቆማለች። «ውሃው ነደፈኝ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ ግን ያቃጥሉኛል» አለች። ልትገምቱ ትችላላችሁ፤ ከ20 ዓመት በፊት የጠየቅሁት ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

ሌላው ሰው ግን አልዋጠም። ጠያቂ ዘመድ «ጭንቀት ነው፤ አታስቢው» አለ። አንዱ «ብርድ እኮ በጭንቅላት ነው የሚሸነፈው» አለ፤ ያንን ታሪክ ፌስቡክ ላይ አንብቦ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የባሰው፣ የምትታከምበት ቦታ የነበረ አንድ ባለሙያ «ይሄ ሥነ ልቦናዊ ነው» ብሎ አሰናበታት። እህቴ ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ደካማ አይደለሁም ለማለት ነው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ከፍሪጅ ቀዝቃዛ ውሃ አውጥታ ጠጣች። ጉሮሮዋ ተዘጋ መሰላት፤ ትንፋሽ ያጠራት መሰላት። ያቺን ሌሊት አልረሳትም።

በኋላ አንዲት ሐኪም በሁለት ደቂቃ አስረዳችን። መድኃኒቱ የሕመም ነርቮች ላይ ያሉትን የሶዲየምና የፖታሲየም በሮች አሠራር ያዛባል፤ ነርቮቹ ትንሽ ቅዝቃዜ ሲነካቸው እንደ ውርጭ ይጮሃሉ። ይህን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አብዛኞቹ ላይ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይታያል፤ እጅ፣ እግር፣ አፍና ጉሮሮ ላይ፤ በቀናት ውስጥ ይቀልላል፤ በሚቀጥለው ዙር ይመለሳል። ጓንት አድርጊ፣ ውሃ ለብ አድርገሽ ጠጪ፣ ፍሪጅ በባዶ እጅ አትንኪ፣ ድንዛዜው በዙር መሃል ካልለቀቀሽ ንገሪኝ፤ መጠኑን እናያለን። በቃ፣ ይኸው ነው። ከመጀመሪያው መርፌ *በፊት* ቢነገራት ኖሮ አንድ ጩኸትና አንድ አስፈሪ ሌሊት ይቀርላት ነበር።

የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ነው ቀልዱ የሚያበቃው። ድንዛዜው እየተደራረበ የማይለቅ የነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ሐኪም መጠኑን የሚያስተካክለው በሽተኛው ሲናገር ነው። «ብርድ የለም፣ በጭንቅላትሽ ነው» ተብሎ አፉ የተዘጋ በሽተኛ አይናገርም። ያቺ ብልጥ ዓረፍተ ነገር ላይክ ብቻ አይደለም የምትሰበስበው፤ የሰው ጣት ታስከፍላለች።

ስለዚህ ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው።

አስተማሪ ለሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፦ «ብርድ የሙቀት አለመኖር ነው» ስትሉ፣ እባካችሁ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሱት። «ለፊዚክስ እንዲህ ነው፤ ለሰውነታችን ግን ብርድ የራሱ ነርቭ አለው» በሉ። ሜንታ ከረሜላ ይዛችሁ ግቡ፤ ከላቦራቶሪ ይረክሳል። ደጋ የምታስተምሩ ደግሞ፣ በኅዳር ጠዋት ፈተና ከመስጠታችሁ በፊት ልጆቹ እጃቸውን ያሙቁ። አምስት ደቂቃ ነው።

ነርስና ሐኪም ለሆናችሁ፦ ብዙ እንደምትሠሩ፣ ጊዜ እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ይህን መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ግን ስለ ብርዱ አንድ ደቂቃ ንገሯቸው። ሰው የሚጠብቀው ሕመም እና ዱብ ዕዳ ሆኖ የሚመጣ ሕመም እኩል አያስፈራም።

አስታማሚ ለሆናችሁ፦ በሽተኛችሁ መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቆም፣ ለሐኪሙ ግን ሁሉንም እንዲናገር አግዙት። ውሃውን ለብ አድርጉለት። ክርክሩን ተዉት።

ላይክ ለምታደርጉ ሁሉ፦ አንድ ሰው አመመኝ ሲል የመጀመሪያው ሥራችሁ የቃል እንቆቅልሽ መፍታት አይደለም። «አንዱን ምረጪ» አትበሉ። ሕመም የሚያመውን ሰው ነው የሚመሰክርለት፤ ሌላ ምስክር የለውም።

እህቴ ዛሬ ደህና ናት፤ ሕክምናዋን ጨርሳለች። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ ትንሽ ይደነዝዛሉ፤ ሲበርድ ጓንት ታደርጋለች፤ እኛም አንስቅም።

ያቺ ተማሪዬ ደግሞ የት እንዳለች አላውቅም። አሁን የ40 ዓመት አካባቢ ሴት ትሆናለች። ይህ ጽሑፍ በሆነ መንገድ ከደረሰሽ፦ ስምሽን እዚህ አልጻፍኩም፤ ግን አልረሳሁትም። ያን ቀን ጥያቄዬ ስህተት ነበር፤ መልስሽ ትክክል ነበር። እርማቱ 20 ዓመት ዘግይቷል፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እናንተም ኮሜንት ላይ ብርድ ያመማችሁንና ሰው ያላመናችሁን ጊዜ ጻፉልኝ። አነባለሁ። ዛሬ ማንንም አላርምም።

ሰላም እደሩ፤ ደረብ አድርጋችሁ።